በሁለት ተቀናቃኞች መሐል፦ ከፕላታያ እስከ ዋግ

በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ክረምቱ ሳይበግራቸው ብዙ ጦር አስከትለው ትግራይ ገቡ። ሊወጉ የሄዱት የገዛ ሚስታቸውን የእቴጌ ድንቅነሽ ምርጫን ወንድም፣ ደጃዝማች ካሳን ነበር። የንጉሡ ጦር በቁጥር እጅግ ይበልጣል። ካሳ ግን የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲያልፍ ላደረጉት ትብብር ከጄኔራል ናፒየር የተቀበሉት መድፍና ጠመንጃ ነበራቸው። አድዋ አጠገብ በተደረገው ውጊያ ንጉሡ ተሸነፉ፣ ተማረኩ፣ ዓይናቸውም ጠፋ። ካሳ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ።

ተሸናፊው ንጉሥ የዋግ ሰው ናቸው። ከመንገሣቸው በፊት ዋግሹም ጎበዜ ይባሉ ነበር። አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን የሰቀሉት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። የዋግ ሰው በዘውድ ፉክክር ውስጥ ዳር ቆሞ የሚያይ እንዳልነበረ ይህ ብቻ ይበቃል፤ ገብቶበታል፣ ነግሦበታል፣ ወድቆበታልም። ከ1863 ወዲህ ግን ዋግ ራሱ ተቀናቃኝ መሆኑ ቀርቶ የተቀናቃኞች መሐል አገር ሆነ። የዛሬው የሰቆጣ፣ የጋዝጊብላና የደሃና ሰው የሚኖረው በዚያ መሐል ነው።

ስለ ጥንታዊት ግሪክ ጦርነትና ዲሞክራሲ ሲወራ የአቴናና የስፓርታ ስም ይቀድማል። እኛም የራሳችንን ታሪክ ከእነሱ ጋር ስናነጻጽር ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ኃያላን አንዱን መስለን ነው። ለዋግ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከሁለቱም ያንሳል፤ ፕላታያ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ከእሷ ዕጣ ተነስተን ብንጠይቅ የዲሞክራሲ መለኪያችንም ይለወጣል፦ በኃያላን መሐል ያለው ትንሽ አገር፣ ጦርነትና ሰላም በሚወሰንበት ሸንጎ ውስጥ ቦታ አለው ወይ?

አብረው ያሸነፉ ተቀናቃኞች

ግሪኮች በአንድ ቋንቋ የሚግባቡ፣ አንድ ዓይነት አማልክት የሚያመልኩ፣ በየአራት ዓመቱ ኦሊምፒያ ላይ ለውድድር የሚገናኙ ሕዝቦች ነበሩ። የፋርስ ንጉሥ ሊገዛቸው ሲመጣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ማራቶን ላይ፣ በ480 ሳላሚስ ላይ፣ በ479 ፕላታያ ላይ መከቱት (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የግሪክ ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው)። በማራቶን ሜዳ ከአቴናውያን ጎን የተሰለፈች ሌላ ከተማ ፕላታያ ብቻ ነበረች፤ ያላትን ወንድ ሁሉ ይዛ ወጣች። የመጨረሻው ታላቅ የምድር ውጊያም በእሷው መሬት ላይ ሆነ። ከድሉ በኋላ የስፓርታው መሪ ፓውሳንያስ የፕላታያ ነፃነት እንዳይነካ ግሪኮችን በመሐላ አሰረ።

ሃምሳ ዓመት ሳይሞላ መሐላው ፈረሰ። አቴና ከፋርስ ጦርነት በኋላ ያቋቋመችውን ኅብረት ወደ ግብር ማስከፈያ ለወጠችው፤ መርከቧ በዛ፣ ግንቧ ረዘመ። ስፓርታ ፈራች። የዚያን ጦርነት ታሪክ የጻፈው ቱሲዲደስ የአቴና ጦር አዛዥ የነበረ፣ አምፊፖሊስ የምትባለውን ከተማ ሳያድን በመቅረቱ ለሃያ ዓመት የተሰደደ ሰው ነው። ጎራዎቹ በየጊዜው ያቀረቡትን ክስ ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ፣ እውነተኛው ምክንያት የአቴና ማደግና ያ ማደግ በስፓርታ ላይ የጣለው ፍርሃት ነው ብሎ ደመደመ። ጦርነቱ ከ431 እስከ 404 ሃያ ሰባት ዓመት ቆየ።

በዘመነ መሳፍንትና ከዚያም በኋላ በሰሜን ኢትዮጵያ የነበረው ፉክክር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ነው፣ የሚጠቀሰው የዘውድ ሐረግ አንድ ነው፣ ጋብቻው የተሳሰረ ነው። ተክለ ጊዮርጊስ ለካሳ አማቻቸው ነበሩ፤ ዝምድናው ግን አንዱ ሲጠነክር ሌላው ላይ የሚያድረውን ስጋት አላቃለለውም። ካሳ ከግብጽ ጳጳስ አስመጡ፤ አቡነ አትናቴዎስ በ1861 ዓ.ም. ገቡ። ጳጳስ በእጁ የሌለ ንጉሥ ቅብዐት እንደሚጎድለው ተክለ ጊዮርጊስ ያውቁ ነበር። ጳጳሱም መድፉም በአንድ ወገን ሲሰበሰብ፣ ሳይዘገይ መዝመት ብልህነት መሰላቸው። ፍርሃት ዘመቻን ወለደ፤ ዘመቻውም የተፈራውን አመጣ።

የጋራ ድልም ነበረን። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ የግብጽ ጦር ተመታ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ሰው ይዘው ከዐፄ ምኒልክ ጦር ጋር ተሰለፉ። በፋሽስት ወረራ ዘመን ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዋግና በላስታ ተነስተው ተዋጉ፤ በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሲወድቁ ጣልያኖች አንገታቸውን ቆረጡ። ዋግ እንደ ፕላታያ ለጋራ አገር የሚገባውን ከፍሏል። በጋራ ድል ቀን የተከፈለ ደም ግን ወንድማማች ሲጣላ እንደማይመነዘር የፕላታያ ታሪክ ቀድሞ አሳይቷል።

የመሐል አገር ዕጣ

ፕላታያን ለጥፋት የዳረጋት መንገዷ ነው። ከአቴና ወደ ቴብስ፣ ከፔሎፖኔዝም ወደ ቴብስ የሚያሻግሩት የተራራ በሮች በአጠገቧ ናቸው። ቴብስ የስፓርታ ወዳጅ፣ ፕላታያ የአቴና ወዳጅ ነበሩ። በ431 የቴብስ ሰዎች በሌሊት ገቡባት፤ ጦርነቱ የተጀመረው እዚያ ነው። በ429 ስፓርታ ራሷ መጥታ ከበበቻት። የፕላታያ ሰዎች ምን እናድርግ ብለው ወደ አቴና ላኩ። አቴና «በምንም ጊዜ ትተናችሁ አናውቅም፤ አሁንም እንረዳችኋለን» የሚል መልስ ሰደደች፤ ከከተማዋ ጋር ከቆዩት 80 አቴናውያን በስተቀር ግን ጦር አልደረሰም።

ሁለት ዓመት ከተከበበች በኋላ እህሏ አለቀ። ስፓርታዎች ከተማዋን በኃይል መያዝ እየቻሉ «በፈቃዳችሁ እጅ ስጡ» አሉ። ምክንያቱ ብልጠት ነው፤ ወደፊት በጦርነት የተያዘ ቦታ ይመለስ የሚል ስምምነት ቢመጣ «በፈቃዷ የገባች ናት» ለማለት ነበር። ከዚያ ምርኮኞቹ አንድ በአንድ እየቀረቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጠየቁ፦ «በዚህ ጦርነት ለስፓርታና ለወዳጆቿ ምን በጎ ሠራህ?» መልስ አልነበራቸውም። ከ200 የማያንሱ የፕላታያ ሰዎችና 25 አቴናውያን ተገደሉ፣ ሴቶቹ ለባርነት ተሸጡ፣ ከተማዋም ፈረሰች። በ421 አቴናና ስፓርታ ሲታረቁ ስሌቱ ሠራ፤ ቴብስ ፕላታያን አልመልስም አለች፣ የሚሰማትም አገኘች። ስምምነቱን የፈረመችው የሞተችላት ወዳጇ አቴና ናት፤ እሷ ግን በስምምነቱ ውስጥ አልነበረችም። የተረፉት አቴና ውስጥ ተጠግተው፣ ዜግነትም ተሰጥቷቸው፣ ወደ ትውልድ ምድራቸው እስኪመለሱ አርባ ዓመት አለፈ። በ373 ቴብስ እንደገና አባረረቻቸው።

ዋግም ላይ መንገድ ዕድልም መዘዝም ነበር። ሰቆጣ ከአፋር ጨው ሜዳ በትግራይ በኩል የሚመጣው አሞሌ ወደ መሐል አገር የሚሻገርባት ታላቅ ገበያ ነበረች። ከእሷ በስተ ደቡብ ያለው፣ አስከተማን ማዕከሉ ያደረገው የጋዝጊብላ ደጋ ደግሞ ወደ ላስታ ያሻግራል። ከሰሜን የሚወርድም ከደቡብ የሚወጣም ጦር ይህን መስመር ይፈልገዋል። በደርግ ዘመን አማፅያንና መንግሥት የተፋለሙበት፣ በ1977ቱም ድርቅ ረሀብ የበረታበት አገር ነው። በፌዴራል መንግሥቱና በሕወሓት መሐል በተነሳው ጦርነት፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ላሊበላ ሐምሌ 29 ቀን በሕወሓት ኃይሎች ተያዘች፤ ሰቆጣም በዚያው ክረምት ተያዘች። ጋዝጊብላ በሁለቱ መሐል ቀረ። የአበርገሌና የጻግብጂ ሰዎች ቀያቸውን ጥለው በሰቆጣና በአካባቢዋ ለረጅም ጊዜ ተጠለሉ። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈረም ፈራሚዎቹ የፌዴራል መንግሥቱና ሕወሓት ነበሩ። ጥይቱ ቆመ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መሬቱ የማን ሆኖ እንደሚቀጥል፣ ተፈናቃዩ መቼና በምን ዋስትና እንደሚመለስ ሲነገር ግን በጠረጴዛው ዙሪያ የዋግ ሰው ወንበር አልነበረውም።

«ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» ይባላል። አባባሉ ለመሳፍንት ዘመን ይሠራ ይሆናል፤ ለእኛ ዘመን አይበቃም። ሣር ካርድ ወስዶ አይመርጥም። የጋዝጊብላ ገበሬ ግን የምርጫ ካርድ ወስዷል፣ ተወካይ ልኳል፣ አገሩ ዋግ ኽምራ በአማራ ክልል ሕገ መንግሥት የራሱ ምክር ቤት ያለው ብሔረሰብ አስተዳደር ነው፣ በኽምጣና ቋንቋም ልጆቹን ያስተምራል። ታዲያ ይህ ሁሉ ተቋም እያለ የጦርነትና የሰላም ውሳኔ በላዩ አልፎ የሚሄደው ለምንድን ነው?

ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ሲሳሳት

አቴና ስለ ጦርነት የምትወስነው ፕኒክስ በሚባለው ኮረብታ ላይ በሚሰበሰበው የዜጎች ጉባኤ፣ እጅ በማንሳት ነበር። ሴቶች፣ ባሮችና መጤዎች አይገቡም፤ «ሕዝብ» ሲባል የነዋሪው ትንሽ ክፍል ማለት ነው። ይህ ጉድለት እንዳለ ሆኖ አንድ ጥንካሬ ነበራት፦ እጁን የሚያነሳው ሰውና መቅዘፊያ ይዞ መርከብ ላይ የሚወጣው ሰው አንድ ነው። የጦር መርከቦቹን የሚቀዝፉት አብዛኞቹ ድሆች ዜጎች ነበሩ። ጦርነትን የመረጠ ሰው በራሱ አካል ላይ እየመረጠ ነው።

ይህም ከስህተት አላዳናቸውም። በ415 ጉባኤው ሲሲሊን ለመውረር ወሰነ። ኒቅያስ የተባለው አዛዥ ተቃውሞ ቆመ፤ ሊያስፈራራቸው ብሎ የሚያስፈልገውን ጦር ብዛት አገነነው፣ ሰዉም ከፊቱ ይልቅ ጓጓ። የዚያን ቀን በልቡ የተቃወመ ሁሉ አገሩን የማይወድ እንዳይባል ፈርቶ ዝም አለ ይላል ቱሲዲደስ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ጦር ሲሲሊ ላይ አለቀ። በ2013 ዓ.ም. በየትኛውም ወገን ቆሞ «ይህ ነገር ይቆይ፣ ይነጋገሩ» ያለ ሰው ምን የሚል ስም እንደወጣለት የምናስታውስ ሁሉ የዚያን ጉባኤ ዝምታ እናውቀዋለን።

አቴና ራሷን ያዳነችበት ቀንም ነበር። በ427 ሚቲሊኒ የምትባለው ከተማ ከድታ እጅ ሰጠች። ጉባኤው በንዴት፣ ወንዶቿ ሁሉ ይገደሉ፣ ሴቶችና ልጆች ይሸጡ ብሎ ወሰነ፤ ትእዛዙን የያዘ መርከብም ያን ቀን ተነሳ። በማግስቱ ሰዉ ተጸጸተና ጉዳዩ እንደገና ተከፈተ። ክሌዮን በየቀኑ ሐሳቡን የሚቀያይር ሕዝብ ሌላውን መግዛት አይችልም ብሎ ተከራከረ። ዲዮዶተስ ደግሞ መልካም ውሳኔን የሚያጠፉት ችኮላና ቁጣ ናቸው ብሎ መለሰ። በጥቂት ድምፅ ዲዮዶተስ አሸነፈ። ሁለተኛው መርከብ ቀዛፊዎች ገብስ በወይን ጠጅና በዘይት የተለወሰ እየበሉ፣ በፈረቃ እየተኙ ቀዘፉ፤ ትእዛዙ ሲነበብ ደረሱ። ከአመፁ መሪዎች ብዙ ሰው ቢገደልም ከተማዋ ተረፈች።

ከእነዚህ ሁለት ጉባኤዎች የምወስደው ይህን ነው፦ ድምፅ መስጠት ከጦርነት ዋስትና አይሰጥም። ሕዝብም እንደ ንጉሥ ይቆጣል፣ ይፈራል፣ ይጓጓል። ተክለ ጊዮርጊስን ሐምሌ ላይ ያዘመተው ፍርሃት የአቴናን ጉባኤም አዝምቷል። ልዩነቱ ያለው በማግስቱ ነው። ንጉሡን «ትናንት ያዘዙትን ዛሬ እንደገና እንየው» የሚል ሰው አልነበረም፤ ሚቲሊኒ ግን ማግስት ስለነበራት ዳነች።

እንግዲህ በእኛ ሕግ ማግስቱ የት አለ? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 የጦርነት አዋጅ የማወጅ ሥልጣንን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ረቂቅ ያቀርባል፣ ተወካዮች ይመክሩበታል። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ግን ሕግ የማስከበር ዘመቻ ተባለ፤ ምክር ቤቱ የተወያየው በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ነው። በትግራይም በኩል በ2012 ዓ.ም. ጳጉሜን የተመረጠ ምክር ቤት ነበር፤ እዚያም ጦርነት ይሁን አይሁን የሚል ጥያቄ ልጁን ለሚልከው ገበሬ በግልጽ አልቀረበም። ሁለቱም ወገን የሕዝብ ድምፅ አለኝ አለ፤ ሁለቱም ድምፁን የጠየቀው ለሥልጣን እንጂ ለጦርነቱ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ውስጥ የቀጠለው ግጭት ደግሞ ይኸው ጉድለት ሳይሞላ የመጣ ነው።

ዕዳው የማን ነው?

አቴና በ404 ተሸነፈች። ስፓርታ ሠላሳ ሰዎችን ሾመችባት፤ እነዚህ ሰዎች በጥቂት ወራት ውስጥ 1,500 ያህል ሰው ገደሉ፣ ንብረት ወረሱ። ትራሲቡለስ የሚባል ስደተኛ ጥቂት ሰዎች ይዞ ተራራ ላይ ተነሳ፤ በ403 ዲሞክራቶቹ ወደ ከተማቸው ተመለሱ። ወንድም ወንድሙን ገድሎ በአንድ ሰፈር የሚኖርበት አገር ሆነች።

ያደረጉትን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ባለፈው በደል ማንም ማንንም እንዳይከስ ማሉ። ሠላሳዎቹና ዋና ሹሞቻቸው ከምሕረቱ ውጭ ሆኑ፤ እነሱም ቢሆኑ ቀርበው ስለ ሥራቸው መልስ ከሰጡ ይገቡበታል። በገዛ እጁ የገደለ ሰው ግን በነፍስ ግድያ ይጠየቃል። ከሌላው ወገን ጋር መኖር ያልፈለገ ኤሌውሲስ በምትባል ከተማ የራሱ አስተዳደር ተሰጠው። የሚገርመው ደግሞ ገንዘቡ ነው፦ ሠላሳዎቹን የደገፈው ወገን ዲሞክራቶቹን ለመውጋት ከስፓርታ 100 ታለንት ተበድሮ ነበር። ስምምነቱ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ብድር ይክፈል ይል ነበር፤ ሕዝቡ ግን ዕዳውን በጋራ ከፈለ። የተወጋው፣ የተወጋበትን ገንዘብ አብሮ ከፈለ ማለት ነው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረታችን እውነት ነው፤ አቴናውያንም «እርሱት» አላሉም። የከለከሉት ትዝታውን ለክስና ለበቀል መሣሪያ ማድረግን ነው። ከከባዱ ወንጀለኛ ተጠያቂነትን አላነሱም፤ ለብዙሃኑ ደግሞ አብሮ የመኖሪያ በር ከፈቱ።

እኛም ተመሳሳይ መንገድ ጀምረናል። የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በ2014 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ተቋቁሟል፤ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም በ2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። ጥያቄው እነዚህ ነገሮች አስከተማ ሲደርሱ ምን ይሆናሉ የሚለው ነው። ዋግ በረሀብና በመቀንጨር ስሙ የታወቀ አገር ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ያወጣው ቃል ኪዳን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ቃል ኪዳኑ በተሰማ በስድስተኛው ዓመት ጦርነቱ ሰቆጣ ደረሰ። በሬው የተወሰደበት፣ ጤና ጣቢያው የተዘረፈበት፣ ልጁ ከትምህርት የቀረበት ሰው ያን ዕዳ ብቻውን እየከፈለ ነው። የአቴናን 100 ታለንት ካነሳን፣ የዋግን የጦርነት ዕዳም አገሪቱ በጋራ ልትከፍለው ይገባል፤ የዋግ በጀት ብቻ፣ የረድኤት ድርጅት ስንዴም ብቻ አይችለውም።

የግሪኮቹ መጨረሻ ይታወቃል። አቴና፣ ስፓርታና ቴብስ እርስ በርስ ሲደክሙ የመቄዶንያው ፊልጶስ በ338 ካይሮኒያ ላይ አቴናንና ቴብስን አሸነፈ። የፈረሰችው ፕላታያ በመጨረሻ የተመለሰችው በመቄዶንያ ነገሥታት ፈቃድ ነው፤ በማራቶን አብራ የሞተችላት ዲሞክራሲ ልትመልሳት አልቻለችም። ይህ በአቴና ላይ የማይፋቅ ፍርድ ነው።

በኢትዮጵያም ላይ ተመሳሳይ ፍርድ እንዳይወድቅ ማድረግ ይቻላል፤ የሚያስፈልገውም ሩቅ አይደለም። ወሰን፣ መመለስና ካሳ የሚመለከት ማንኛውም ድርድር ከመፈረሙ በፊት በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ ምክር ቤት በይፋ ይሰማ። የምክክሩና የሽግግር ፍትሑ መድረኮች ከሰቆጣ አልፈው በአስከተማ፣ በአምደ ወርቅና በአበርገሌ ይካሄዱ፤ ባለ ጉዳዩም በአማርኛም በኽምጣናም ይናገር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጦር ውሳኔ በሌላ ስም ሲመጣበት «ይህ ጦርነት ነው፤ እንምከርበት፣ በማግስቱም እንመለስበት» የሚል ልማድ ያብጅ። ከዋግ የተመረጣችሁ ተወካዮችም፣ ያ ቀን ሲመጣ ቀድማችሁ እጅ ማንሳት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።